የተቆረጠችው «አ»

ልኩ እናት አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ማንኛውም ነገር ሲነገረው «ልኩ ስንት ነው?» ብሎ ስለሚጠይቅ የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የለጠፉበት ነው። «ትንሽ ቆይተህ ና» ሲሉት «ልኩ ስንት ደቂቃ?» ይላል፤ «ሻይህ ላይ ስኳር ጨምሬልሃለሁ» ሲሉት «ልኩ ስንት ማንኪያ?» ይላል። ቀስ በቀስ ቅጽል ስሙ ከቢሮ ወጥቶ ቤት ገባ። ያሳደገችው ታላቅ እህቱ እንኳ አሁን አሁን ካልተቆጣችው በቀር በእውነተኛ ስሙ አትጠራውም።

መሥሪያ ቤቱ የነቀዝና የብል ማጥፊያ ድርጅት ነው። መጋዘኑን ዘግቶ፣ ቀዳዳውን ሁሉ በፕላስተር አሽጎ፣ መርዛማ ጋዝ የሚለቅ እንክብል በየሳህኑ አድርጎ ያስቀምጣል። ከሦስት ቀን በኋላ ከፍቶ ያናፍሳል፤ አየሩን ለክቶ ንጹሕ መሆኑን ሲያረጋግጥ ለባለቤቱ ያስረክባል። የልኩ ሥራ ግን ከእንክብሉ ጋር አይገናኝም። እሱ የስልክ ሰው ነው። ደንበኞች ቀኑን ሙሉ «ልግባ ወይስ አልግባ?» እያሉ የቢሮውን ሰው ልብ ሲያደርቁት፣ ማሽን እንዲመልስላቸው ያደረገው እሱ ነው። ደንበኛው ይደውላል፣ የመጋዘኑን ኮድ ይጫናል፣ ማሽኑ ኮዱን መልሶ ያነብለትና ከሁለት አንዱን ይለዋል፤ «ይግቡ» ወይም «አይግቡ»። ከዚያ በኋላ ደንበኛው የሚለው ነገር ካለው ድምፁን ትቶ ይዘጋል።

ማሽኑ የሚናገርበት ድምፅ የስልክ ኦፕሬተሯ ነው። ሴትየዋን ሁሉም ጉሮሮ ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች እንጂ አይከፋትም። ከዓመት በፊት ግድግዳው በብርድ ልብስ በተሸፈነ ጠባብ ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁርጥራጭ ቃል ቀድታለች፤ ቁጥሮቹን፣ ቀኖቹን፣ ሰላምታውን፣ «ለመድገም ሁለትን ይጫኑ» የሚለውን፣ ሁሉንም። ልኩ የጻፈው የኮምፒውተር ትእዛዝ እነዚያን ቁርጥራጮች እየለቀመ በተርታ ያጫውታቸዋል። «ኮድ» ይላል፣ «ሦስት» ይላል፣ «ስምንት» ይላል፣ በመጨረሻ ፍርዱን ይናገራል።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጁ በራሱ ስልክ ደውሎ ሲያዳምጥ ቆየና ልኩን አስጠራው።

«ይቺ ሴትዮ አስም አለባት እንዴ?» አለው። «በየቃሉ መሀል ታርፋለች እኮ። ኮድ... ሦስት... ስምንት... ደንበኛው እስክትጨርስ ድረስ ብሉ መጋዘኑን ይጨርሰዋል።»

ልኩ ለካው። በየቁርጥራጩ ጫፍና ጫፍ ላይ በአማካይ ሦስት አሥረኛ ሰከንድ ዝምታ አለ። ዝምታ ደግሞ የሚቆረጥ ነገር ነው። ጩኸቱ ከተወሰነ ልክ በታች የሆነ ድምፅ ሁሉ ከመነሻውም ከመድረሻውም ተቆርጦ ይውደቅ የሚል አጭር ትእዛዝ ጻፈ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለቱም ፋይሎች አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተከረከሙ። ከዚያ ፈተሸ። ቁጥራቸው አልጎደለም፤ የእያንዳንዱ ርዝመት በመጠኑ አጥሯል፤ ባዶ የሆነ የለም። ከየአሥሩ አንዱን እየመረጠ ሃያ አንዱን በጆሮው ሰማ። ሃያ አንዱም እንደ ተላጨ ፊት ጥርት ያሉ ነበሩ። «አይግቡ» መቶ አርባ ሰባተኛው ፋይል ነው። መቶ አርባኛውን ሰምቷል፤ መቶ ሃምሳኛውን ሰምቷል።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዲሱን ሥራ ላይ አዋለው።

ግማሽ ሰዓት ሳይቆይ እህቱ ደወለች። ልብስ ሰፊ ናት። ከሱቋ ጀርባ ጨርቅ የምታስቀምጥበት መጋዘን አላት፤ ብል ሱፉን ሲበላባት ድርጅቱን ያመጣላት ራሱ ልኩ ነው። ከታሸገ ሦስተኛ ቀኑ ሲሆን፣ ብርዱ ስለበረታና እንክብሉ በብርድ ጊዜ ጋዙን ቀስ ብሎ ስለሚለቅ አንድ ቀን ተጨምሮበት ነበር።

«አንተ ልጅ፣ መጋዘኔን መቼ ነው የምትለቁልኝ?»

«እታለም፣ ደህና አደርሽ?»

«ደህና ባድር እደውልልህ ነበር? ሆቴሎቹ የአስተናጋጆቹን ጃኬት ለነገ አምጪ አሉኝ። አርባውም ተሰፍቶ አልቆ እናንተ ዘንድ ታስሯል።»

«እኛ ዘንድ አይደለም፣ አንቺው ዘንድ ነው።»

«ቁልፉም እኔው ዘንድ ነው። ልክፈተዋ?»

«ቁጥሩን ደውለሽ ስሚ። ኮድሽ ሦስት ስምንት ነው። አይግቡ ካለችሽ አትገቢም፤ ይግቡ ካለችሽ ትገቢያለሽ።»

«አንተ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጣል?»

«እኔ ልሳሳት እችላለሁ። እሷ የምትናገረው ከለካው ሰው መዝገብ ላይ አንብባ ነው። ከእሷ በቀር ማንንም አትስሚ፤ እኔንም ቢሆን።»

«ጉድ ነው። አዝዬ ካሳደግሁት ወንድሜ ይልቅ ማሽን ልመን?» ብላ ሳቀችበት። «እሺ፣ እደውላታለሁ። እንዳንተ ካልተጨቃጨቀች ይሻለኛል።»

ልኩ ስልኩን ዘግቶ ወደ ሥራው ተመለሰ። ያንን ንግግር በኋላ ቃል በቃል ያስታውሰዋል፤ በየትኛው ቃል ላይ እንደሳቀች ጭምር።

አምስት ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው ጉሮሮ የሻይ ብርጭቆዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች። ፊቷ ላይ ለሳቅ የተዘጋጀ ነገር ነበር፤ ግን አልሳቀችም።

«ልኩ፣ እኔ ዛሬ ሰውን ሁሉ ግቡ ግቡ ነው እንዴ የምለው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አንዱ የዱቄት ነጋዴ ደውሎ አሾፈብኝ። ትናንት የታሸገ መጋዘን ነው ያለው። ‹ዛሬ ምን ነካሽ፣ ቀኔ ሳይደርስ ፈቀድሽልኝ› አለኝ። እኔ እንደዚያ አላልሁም ብለው፣ ‹ድምፅሽን መቼ አጥቼው› ብሎ ድርቅ።»

ልኩ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ የነጋዴውን ኮድ ተጫነ። «ኮድ፣ አንድ፣ ሰባት» አለች የጉሮሮ ድምፅ፣ ያለ አንዲት እረፍት፣ እንደተፈለገው ሆና። ቀጥላም በዚያው በለሰለሰ ቃና «ይግቡ» አለች።

መዝገቡን ከፈተ። መዝገቡ «መቶ አርባ ሰባት፣ አይግቡ፣ ተጫወተ» ይላል። ትእዛዙ አልተሳሳተም። የመረጠው ፋይል ትክክለኛው ፋይል ነው። ፋይሉን ለብቻው አጫወተው። «ይግቡ» አለ። እንደገና አጫወተው። «ይግቡ።»

የድምፁን ሥዕል የድሮውንና የአዲሱን ጎን ለጎን ዘረጋቸው። በድሮው ላይ ከ«ይግቡ» በፊት አንዲት ዝቅ ያለች ጉብታ ትታያለች፤ ከትንፋሽ እምብዛም አትበልጥም። በአዲሱ ላይ የለችም። ከተወሰነው ልክ በታች ሆና ስለተገኘች ከዝምታው ጋር አብራ ወድቃለች።

ጉሮሮ ከትከሻው በላይ ሆና ትመለከት ነበር። «እሷ ምንድን ናት?» አለች በጣቷ እያመለከተች።

«‹አ› ናት።»

«የኔ ‹አ›?»

«ያንቺ።»

ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀመጠች። «ያን ቀን ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ቆሞ፣ ‹ስትከለክዪ ደንበኛ እንዳይደነግጥ ለስለስ አድርጊው› ሲለኝ... ውጬው ነው እኮ። ደግሞ ደጋግሞ ‹አሁንም ለስለስ› ይለኛል። ልቅም አድርጌ ዋጥኋት።»

በዚህ ቋንቋ ሰውን በአክብሮት ግባ ማለትና በአክብሮት አትግባ ማለት የሚለያዩት በአንዲት ፊደል ብቻ ነው። ያቺ ፊደል ደግሞ ከቃሉ መጀመሪያ ላይ፣ ሰው ገና አፉን ሲከፍት የምትወጣ ናት። ልኩ ይህን ልጅ ሆኖም ያውቀው ነበር፤ ማንም ያውቀዋል። ማወቁ አንድ ነገር ነው፣ ከየአሥሩ አንዱን ሲሰማ ትዝ ማለቱ ሌላ።

መጀመሪያ የድሮዎቹን ፋይሎች መለሰ። አራት ደቂቃ ፈጀበት። የተከረከሙትን አላጠፋቸውም፤ ለብቻ ወደ ሌላ ቦታ አነሳቸው። ከዚያ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ወዲህ «አይግቡ» የተባሉትን ከመዝገቡ አወጣ። ዘጠኝ ናቸው። በተርታ ሊያነባቸው ጀምሮ ዓይኑ ራሱ ወደ ሰባተኛው መስመር ሮጠበት። ኮድ ሦስት ስምንት። አራት ሰዓት ከስምንት ደቂቃ። ሁለት ጊዜ አስደግማለች። ድምፅ ትታለች፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ።

መልእክቱን ከፈተው።

«እሺ የኔ እመቤት» አለች የእህቱ ድምፅ፤ ከኋላዋ መኪና ሲያልፍ ይሰማል። «ሦስቴ አስለፈለፍሁሽ፣ አይክፋሽ። ወንድሜ ከአንቺ ሌላ ማንንም እንዳልሰማ ስላዘዘኝ ነው። ይግቡ ካልሽ እንግዲህ ገባሁ። ልኩን ካገኘሽው፣ እታለም ጃኬቷን ልታወጣ ገብታለች በይልኝ። ምሳ ውጭ እንዳይበላ። ወደኔ ይምጣ።»

ሰዓቱን አየ። አምስት ሰዓት። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ አልፏል።

ደወለላት። ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። እንደገና ደወለ። ጠራ፣ ተቋረጠ። ጉሮሮ ምንም ሳትጠይቀው የቀሩትን ስምንት ኮዶች በወረቀት ገልብጣ ወደ ስልኳ ሄዳ ነበር፤ ከኮሪደሩ ማዶ «ጌታዬ፣ እባክዎ እንዳይገቡ፣ አልገቡም አይደል?» ስትል ሰማት። «እንዳይገቡ» የሚለውን ቃል እየጮኸች ነው የምትለው።

ጓሮ ጭንብሉ መሣሪያ ያጥባል። ጭንብሉ የድርጅቱ አንጋፋ የጋዝ ባለሙያ ነው፤ በሥራ ላይ ፊቱን የሚያየው ሰው ስለሌለ እንደዚያ ይሉታል። ልኩ ነገሩን በሦስት ዓረፍተ ነገር ነገረው። ጭንብሉ ቧንቧውን ዘጋ፣ እጁን በሱሪው ጠረገና ሁለት ጭንብልና አንድ መለኪያ አንስቶ ወደ መኪናው ሄደ። ሲራመድ አልቸኮለም።

መንገዱ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው። ልኩ በየደቂቃው ይደውላል፤ በየደቂቃው ይጠራል፤ ማንም አያነሳም። የትራፊክ መብራት ላይ ሲቆሙ ጭንብሉ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል ጠየቀው።

«እህትህ ስትገባ በሩን ክፍት ትተዋለች ወይስ ትዘጋለች?»

«ብል እንዳይገባ ትዘጋለች።»

ጭንብሉ ራሱን ነቀነቀ። መብራቱ ሲለቅ ከበፊቱ ፈጠን ብሎ ነዳ።

«ምን ማለት ነው?» አለ ልኩ።

«ምንም ማለት አይደለም። ጠየቅሁህ።»

ሱቁ ክፍት ነበር። የስፌት መኪናዋ ላይ የተጀመረ እጅጌ ተሰክቷል። በጠባቧ መተላለፊያ ወደ ጀርባ ሲዞሩ መጀመሪያ ያዩት ፕላስተሩን ነው። እህቱ ቀድዳ አልጣለችውም፤ በጥንቃቄ ልጣ፣ እንደ ክር ጠቅልላ መስኮቱ ሥር አስቀምጣዋለች። የራስ ቅል የተሳለበትን ማስጠንቀቂያ አራት አጥፋ ድንጋይ ጭናበታለች፤ ተመላሽ ዕቃ መስሏት ይሆናል። በሩ ገርበብ ብሏል።

በልኩ እጅ ያለው ስልክ አሁንም ይደውል ነበር። ገርበብ ካለው በር ውስጥ፣ ከጨርቁ ጥቅል ሥር ከሚመስል ቦታ፣ የእህቱ ስልክ ሲጠራ ሰማ።

ወደ በሩ ተንደረደረ። ጭንብሉ ደረቱ ላይ ክንዱን ጣለበትና ወደ ግድግዳው ገፋው። «እዚህ። ሁለታችሁን ማውጣት አልችልም» አለው፤ ጭንብሉን አጥብቆ ገባ።

ልኩ ቆመ። መቁጠር ጀመረ፤ ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ውስጥ ያለው ስልክ መጥራቱን አላቆመም። ሠላሳ አንድ ላይ ሲደርስ ድምፁ ቀጥ አለ፤ ጭንብሉ አንስቶ ዘግቶታል። አርባ። አርባ አምስት። የሚጎተት ነገር አይሰማም። የሚጠራ ሰው አይሰማም።

«ማነው ደግሞ መጋዘኔ የገባው?»

ዞረ። እህቱ በመተላለፊያው ጫፍ፣ ከግቢው ቧንቧ አጠገብ ቆማለች። ፊቷን ታጥባ ውሃው ከአገጯ ላይ ይንጠባጠባል። ሻርፗን ትከሻዋ ላይ ጥላዋለች። ቆማለች። በሁለት እግሯ ቆማለች።

ልኩ ሄዶ ሁለት ክንዷን ያዛት።

«ምነው አንተ፣ ምን ሆነሃል? ገና ምሳ አልደረሰም» አለች። ከዚያ ፊቱን አየችና ሳቋን ተወችው። «ምንድን ነው?»

«ስንት ጊዜ ገባሽ?»

«እ?»

«መጋዘኑ ውስጥ። ስንት ጊዜ ገብተሽ ወጣሽ?»

«እኔ እንዳንተ እቆጥራለሁ? አራቴ፣ አምስቴ። ሠላሳ አንዱን ጃኬት አወጣሁ፣ ዘጠኝ ቀረኝ። ከዚያ ራሴን ከበድ ሲለኝ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ውስጡ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይላል። ጎረቤቶች ምሳ የሚጥዱ መስሎኝ።» የጋዙ ሽታ እንደዚያ ነው።

ጭንብሉ ወጣ። በሩን ወለል አድርጎ ከፈተ፣ ሁለቱን ከመተላለፊያው አስወጥቶ መንገድ ዳር አደረሳቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው ፊቱን የገለጠው። መለኪያውን ተመለከተ፤ ለልኩ አላሳየውም፤ ኪሱ ከተተው።

«እህቴ፣ አስመለሰዎት?» አላት።

«ትንሽ። ቁርስ ሳልበላ ስለሠራሁ ነው።»

«ደረትዎን ያዝ ያደርግዎታል?»

«ወንድሜ፣ ደህና ነኝ እኮ። ዘጠኙን ጃኬት ብቻ አውጡልኝ፣ ነገ ሰዎቹ...»

«ጃኬቱን እኔ አወጣዋለሁ። እርስዎ መኪና ውስጥ ይግቡ።»

ልኩ በሩን ሲከፍትላት ጭንብሉ ክርኑን ያዘው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከንፈሩን እምብዛም ሳያንቀሳቅስ ተናገረ።

«መኪናውን አንተ ንዳ። በእግሯ ስለሄደች ደስ አይበልህ። ይሄ ነገር ሰውን እዚያው አይጥልም። ቤቱ ይሸኘዋል፣ ያስበላዋል፣ ያስቀዋል። ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ሳንባው በውሃ ይሞላል። ሲጠይቁህ ደቂቃውን አሳንሰህ እንዳትነግራቸው።»

ሆስፒታሉ ውስጥ ልኩ ደቂቃውን አላሳነሰም። ሐኪሟ ወጣት ነበረች፤ የጋዙን ስም ስትሰማ ብዕሯን አቆመችና ሁለተኛ ጊዜ አስደገመችው። ማርከሻ እንደሌለው ነገረችው። ኦክስጅን እንሰጣታለን፣ ልቧን እንከታተላለን፣ ትንፋሿን እንቆጥራለን፣ ሦስት ቀን ከዚህ አትወጣም አለች። እህቱ አልጋ ላይ ሆና አፍንጫዋ ላይ የተደረገውን ቱቦ እየነካካች «ይሄ ሁሉ ለራስ ምታት?» ትላለች። ቀለሟ ተመልሷል። እንዲያውም ራበኝ አለች። ልኩ ይህን ሲሰማ «ያስበላዋል» ያለው የጭንብሉ ቃል ትዝ አለው።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጁ ደወለ። ልኩ ወደ ኮሪደሩ ወጣ።

«እንዴት ናት?»

«እስካሁን ደህና ናት።»

«ተመስገን። ሌሎቹን ስምንቱን ጉሮሮ አግኝታቸዋለች፤ ማንም አልገባም። ስማኝ፣ መዝገቡን አየሁት። አይግቡ ተጫወተ ነው የሚለው። ሦስቴ። በሩ ላይም ማስጠንቀቂያ ነበር። ድምፁን ደግሞ አስተካክለኸዋል አይደል?»

«አስተካክያለሁ።»

«ስለዚህ ዛሬ ማንም ቢደውል የሚሰማው አይግቡ ነው። አየህ፣ ሰው ሲቸኩል የሚፈልገውን ነው የሚሰማ። ያንተ እህት መሆኗ ያሳዝናል፣ እኔንም አሳዝኖኛል። ግን የሰማችውን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት።»

ልኩ ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮው አዛወረ።

«የተቆረጠውን አጥፍተኸዋል?»

«አላጠፋሁትም።»

«አጥፋው። ላንተም ነው የምልህ። የቆረጠው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ እኔ አይደለሁም የምጠየቀው።»

ስልኩ ተዘጋ። ሰውየው የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፤ የሚያስፈራውም እሱ ነው። መዝገቡ አልዋሸም፣ ትእዛዙ አልተሳሳተም፣ ፋይሉ ተመልሷል። ያቺ ድምፅ «ይግቡ» ያለችበት ጠዋት ለብቻ ካነሳው ፋይል፣ ስልኩ ላይ ካለው ግልባጭና ከሰሚዎቹ ጆሮ በቀር የትም የለም።

ወደ ክፍሉ ሲመለስ ነርሷ አልጋው ጫፍ ላይ ቅጽ ትሞላ ነበር። እህቱ ጣሪያውን ታያለች። ድምፅዋ ከቅድሙ አንሷል።

«ልኩ፣ አይግቡ ነው እንዴ ያለችኝ?»

«ማን አለሽ?»

«ድርጅቱ ደውሎ እንደዚያ ብሏል። እዚህ ወረቀት ላይ ገብቷል።»

ነርሷ እንደ ማፈር ብላ ቅጹን አዞረችለት። «ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት የገባች» ይላል።

«ሦስቴ ነው እኮ የሰማኋት» አለች እህቱ። «አንተ ስላልከኝ ጆሮዬ ላይ ለጥፌ። ይግቡ አለችኝ። ግን... እንግዲህ ሥራው አንቆኝ ነበር። ቸኩዬ ነበር። ሰው ሲቸኩል...» ጨርሳ አልተናገረችም። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ታማ ስትመጣ ያላለቀሰች ሴት። «እኔ ነኝ ማለት ነው? በገዛ እጄ ነው እዚህ የተኛሁት?»

ልኩ ስልኩን አወጣ። ፋይሉን ከማሽኑ ላይ ወደዚህ የገለበጠው ወደ መጋዘኑ ሲሄዱ መኪና ውስጥ ሆኖ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ያኔ ራሱን አልጠየቀም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ተጫነው።

«ይግቡ» አለች ጉሮሮ፣ በለሰለሰ፣ ሰው በማያስደነግጥ ቃና። ከመጋረጃው ማዶ ያለው ታማሚ ቀና አለ። ልኩ ደገመው። «ይግቡ።»

«ይቺው ናት» አለች እህቱ። ትከሻዋ ሲላላ አየው። «እንደዚሁ ነው ያለችኝ። ጆሮዬ ደህና ነው ማለት ነው።»

«ደህና ነው። መጀመሪያዋ ላይ ‹አ› ነበረች። ቆርጬ የጣልኋት እኔ ነኝ።» ወደ ነርሷ ዞረ። «ያንን መስመር ሰርዢው። ‹እንድትገባ ተነግሯት የገባች› ብለሽ ጻፊ። ማን ነገራት ካሉ የኔን ስም አስገቢ። እውነተኛ ስሜን እነግርሻለሁ።»

ነርሷ አንዴ እሱን አንዴ ቅጹን አየች፤ ሰረዘችና ጻፈች፤ ስሙን ጠይቃው አስገባች። ከዚያ ወጣች። እህቱ ፊቷን ወደ እሱ አዞረች።

«ሳትሰማት ቆረጥካት?»

«ከአሥሩ አንዱን እየሰማሁ ነበር።»

«ከአሥሩ አንዱን።» ቃሉን አፏ ውስጥ አላወሰችው። «እኔ ከአሥር ጃኬት አንዱን እያየሁ ብሰፋ፣ ዘጠኙን ማን ይለብስልኛል?»

እጇን ከብርድ ልብሱ ሥር አውጥታ እጁ ላይ አሳረፈችው፤ መዳፏ ቀዝቃዛና ላብ ያዘለ ነበር። ይቅር ትበለው አትበለው አላወቀም፤ ሊጠይቃትም አልደፈረም።

«ዘጠኙን ያ ሰውዬ አወጣልኝ?» አለች በኋላ።

«አውጥቷል። ሱቁ ውስጥ አስቀምጫለሁ ብሎ ደውሏል።»

«እንግዲህ አልተኛም። ትንሽ ዓይኔን ልጨፍን ብቻ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ልኩ ወንበሩን አቀረበና ሰዓቱን እያየ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ቆጠረ። ሐኪሟ ስንት መሆን እንዳለበት ነግራዋለች፤ ከስንት ካለፈ እንዲጠራትም ነግራዋለች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደቂቃ አሥራ ስምንት ነበር። በመድኃኒት ወረቀቱ ጀርባ ላይ ጻፈው። ዘጠኝ ተኩል ላይ አሥራ ዘጠኝ። አሥር ሰዓት ላይ ሃያ አንድ። ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ደግሞ ቆጠረ፤ ሃያ አንድ ነው። ከመስኮቱ ውጭ ሰዎች እየተሳሳቁ ያልፋሉ።

እህቱ ዓይኗን ሳትከፍት ትንሽ ሳለች። ደረቅ፣ አጭር ሳል ነበረች፤ ጉሮሮ የመጥረግ ያህል።

«ውሃ ልስጥሽ?»

«አይ። ይሄ ትራስ ዝቅ ብሏል መሰለኝ። ከፍ አድርግልኝ።»

ከፍ አደረገላት። በአፏ መተንፈስ ጀምራለች። ሰዓቱን እያየ አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠረ፤ ሲጨርስ ጻፈው፤ የጻፈውን አየው። ሃያ ስድስት። ወረቀቱን ይዞ ተነሳና ሐኪሟን ሊጠራ ወደ በሩ ሄደ።

«ወዴት ነው?» አለች ከኋላው።

«እዚሁ ነኝ፣ እታለም። መጣሁ።»

«ልኩ ስንት ደቂቃ?» አለችው። ልትስቅ ሞከረች፤ ሳሉ ቀደማት።